የራፕ ግጥምን እንዴት እንመዝን? ቴክኒኩን ለብቻ፣ ትርጉሙን ለብቻ

ስለ ራፐሮች የሚነሳ ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የለውም። አንዱ «እንደሱ ቤት የሚመታ የለም» ይላል። ሌላው «እሺ፣ ግን ምን አለ? ምንም አላለም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንዱ የሚያወራው ስለ አሠራሩ ነው፤ ሌላው ስለ ይዘቱ። ሁለቱን ነገር በአንድ ሚዛን ላይ ስለሚጭኑት እስከ ጠዋት ቢከራከሩም አይግባቡም።

ይህ መመሪያ ሁለቱን ለይቶ ለመመዘን ነው። መጀመሪያ ቴክኒኩን ለብቻ፣ ቀጥሎ ትርጉሙን ለብቻ፣ በመጨረሻ ደግሞ አንዱ ለሌላው ምን እንደሠራለት እናያለን። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ የመጨረሻው ነው። ግን ሁለቱን ሳይለዩ እዚያ መድረስ አይቻልም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሙሉ አልበም ይዛችሁ አትጀምሩ። አንድ ቨርስ፣ ማለትም ከአዝማች እስከ አዝማች ያለው የግጥም ክፍል፣ ይበቃል። የተለመደው ቨርስ 16 ባር ነው። አንድ ባር ማለት አራት ምት ነው። አብዛኛው የራፕ ቢት (ከግጥሙ ሥር የሚሄደው ሙዚቃ) ላይ ስኔሩ፣ ያ ጠንከር ብሎ የሚሰማው የከበሮ ድምፅ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ያርፋል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያላችሁ ስትቆጥሩ ስኔሩ ሁለትና አራት ላይ ከመጣ ቆጠራችሁ ልክ ነው። ቢቱ በደቂቃ 90 ምት የሚሄድ ከሆነ 16 ባር 43 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አጭር ይመስላል፤ በደንብ የተሠራ ከሆነ ግን አንድ ምሽት ሙሉ ያስቀምጣችኋል።

ጆሮ ማዳመጫ፣ ወረቀት፣ ሦስት አራት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ። ከተቻለ ሁለት ቨርስ ምረጡ፦ አንድ ከምትወዱት ራፐር፣ አንድ ከማትወዱት። የምንወደውን ሰው ብቻ ስንመዝን ፍቅራችን ይመዝንልናል። የማንወደው ሰው ጥሩ ስንኝ ስናገኝበት ነው ሚዛናችን መሥራቱን የምናውቀው።

ደረጃ 1፦ ሳታነቡ ስሙ

ግጥሙን አታንብቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስሙትና አቁሙ። ከዚያ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የቀረውን ጻፉ። አንድ ሐረግ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ምስል፣ ወይም ድምፁ የተሰበረበት ቦታ። ራፕ ለጆሮ የተሠራ ነው። ወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ውበት ካለ በኋላ እናገኘዋለን፤ ጆሮ የያዘውን ግን መጀመሪያ መመዝገብ አለብን። ይህችን ወረቀት አትጣሏት።

ደረጃ 2፦ በጆሯችሁ እየሰማችሁ ጻፉት

ከኢንተርኔት ኮፒ ማድረግ ይቀልላል። ግን እዚያ የሚገኘው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ቃል ይስታል። መስመሩንም የሚቆርጠው ቤት የሚመታበት ቦታ ላይ እንጂ ባሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አይደለም። ስለዚህ ራሳችሁ ጻፉት። አንድ ባር፣ አንድ መስመር። ድምፁ የሚቆምበት ቦታ ላይ ጭረት አድርጉ። ዓረፍተ ነገሩ ከባሩ አልፎ ወደሚቀጥለው ከፈሰሰ ቀስት አድርጉበት። ያልገባችሁን ቃል በግምት አትሙሉት። ቦታውን ክፍት ተዉትና መልሳችሁ ስሙ።

ይህ አሰልቺው ክፍል ነው። ግን ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል። የምትጽፉት እየሰማችሁ ስለሆነ የተደበቀ ድምፅ፣ የተዋጠ ቃል፣ ሆን ተብሎ የዘገየ ምት ይገለጥላችኋል።

ደረጃ 3፦ ቤት አመታቱን በቀለም ለዩ

አሁን ወደ ቴክኒኩ። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ቃላት በአንድ ቀለም ክበቡ። የመስመሩን መጨረሻ ብቻ ሳይሆን መሐሉንም። ሲያልቅ ወረቀቱን ራቅ አድርጋችሁ እዩት። ቀለሙ ሁሉ በቀኝ ጠርዝ ላይ ከተሰለፈ ራፐሩ የሚያጋጥመው የመስመር መጨረሻ ብቻ ነው። ገጹ ሁሉ ላይ ከተበተነ ውስጣዊ ቤት አለው ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ታሪክ የሚያስታውሰው አሜሪካዊውን ራፐር ራኪምን ነው። ከኤሪክ ቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 «ፔይድ ኢን ፉል» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ቤት አመታቱን ከመስመር መጨረሻ አውጥቶ በመስመሩ መሐል በተነው። ብዙ ድምፅ ያላቸውን ረጃጅም ቃላት ከነአካላቸው አጋጠመ። ዓረፍተ ነገሩንም ከባሩ አሳልፎ ያፈስሰው ነበር። ይህን ሁሉ ሳይጮህ፣ በተረጋጋ ድምፅ። ዛሬ ቴክኒክ የምንለው ነገር ብዙው የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

በአማርኛ የተጻፈ ራፕ ስትመዝኑ አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ግሱ ደግሞ «ኩ»፣ «ች»፣ «ናል»፣ «ዋለሁ» እያለ ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ይህን ተመልከቱ፦

ጠዋት ተነስቼ መንገድ ጀመርኩ
ሰው ሰላም ሲለኝ ዝም ብዬ አለፍኩ
ማታ ሲመሽብኝ ወደ ቤት ተመለስኩ

ሦስቱም «ኩ» ብለው አለቁ። ግን ራፐሩ ምን ሠራ? ምንም። ሰዋስው ነው ያጋጠመለት። እንዲህ ዓይነቱን ቤት እኔ ነጥብ አልሰጠውም። ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፤ በነጻ የተገኘ ነው ማለቴ ነው። አሁን ደግሞ ይህን፦

በሩ ሲዘጋ፣ ሌቱ ሳይነጋ፣ ላቤ ያለ ዋጋ መሬት ላይ ቀረ

«ሲዘጋ» እና «ሳይነጋ» ግሶች ናቸው፤ «ዋጋ» ስም ነው። የሚያገናኛቸው ቅጥያ አይደለም። ከቃላቱ ሥር የመጣ ድምፅ ነው። ይህን ለማግኘት መፈለግ ያስፈልጋል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ቃሉን ከነጓደኛው ወስዳችሁ ቅጥያውን አውጡ። ከዚያም በኋላ የሚመሳሰል ድምፅ ከቀረ ቤቱ እውነተኛ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ከአንድ ድምፅ በላይ ማጋጠም ነው።

ቀጠሮ ሰጥቶኝ ደጁ ላይ ቆሜ
ወረቀት ሆኖ እጁ ላይ ህልሜ

«ደጁ ላይ ቆሜ»፣ «እጁ ላይ ህልሜ»። ሐረጉ ሙሉ ለሙሉ ሐረግ ላይ ተደረበ። ለጊዜው ስለ ትርጉሙ ምንም አንበል። ቴክኒኩ ብቻ ከ«ኩ» እና «ኩ» ምን ያህል እንደሚርቅ አስተውሉና እለፉ። በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዛት ብቻውን ጥራት አይደለም። ስምንት ቃል አከታትሎ አንድ ድምፅ ላይ የሚያሳርፍ ራፐር አለ፤ አምስተኛው ላይ ጆሮ ይሰለቻል። ጎበዙ የተለመደውን ድምፅ ሲጠበቅ ይተወዋል፣ ሳይጠበቅ ይመልሰዋል። በቀለም ባደረጋችሁት ገጽ ላይ ቀለሙ የት እንደተቀየረ እዩ። የተቀየረበት ቦታ ላይ ሐሳቡም ከተቀየረ ምልክት አድርጉበት። ለመጨረሻው ደረጃ ወሳኝ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 4፦ ፍሎውን ቁጠሩ

ፍሎው ማለት ቃላቱ ከምቱ ጋር የሚኖራቸው ግንኙነት ነው። ምቱ ላይ ያርፋሉ? ይቀድሙታል? ይዘገያሉ? በጣታችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ ስሙና ከአራቱ ምቶች ጋር የገጠሙትን ድምፆች ከሥራቸው አስምሩባቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ አሰማመሩ በ16ቱ ባር ውስጥ ይለዋወጣል ወይስ አንድ ዓይነት ነው?

ፍጥነት እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኤሚነም «ራፕ ጎድ» በ6 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ውስጥ 1,560 ቃላት ይዟል። በጊነስ መዝገብም ሰፍሯል። በአማካይ በሰከንድ ከአራት ቃል በላይ ማለት ነው። ይህ የትንፋሽና የምላስ ችሎታ ነው፤ ማንም ዘሎ የሚያደርገው አይደለም። ግን ፍጥነት ከብዙ ችሎታዎች አንዱ ብቻ ነው። በፍጥነት ውስጥ ቃሉ ጥርት ብሎ ከተሰማ ነጥብ ይገባዋል። ከተጨማለቀ ቁጥሩ ምንም አይረዳም። ባሩ መሐል ላይ ቆም ብሎ ዝምታን የሚጠቀም ራፐር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፈጣኑ የበለጠ ቢቱን ያውቀዋል።

ድምፁ ያምራል፣ ቢቱ ይነዝራል፣ ሰውዬው ግርማ አለው የሚሉትን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉ። እውነተኛ ዋጋ አላቸው፤ ነገር ግን የግጥሙ አይደሉም። ስትጽፉ ለብቻ መዝግቧቸው።

ደረጃ 5፦ የቃላት ጨዋታውን ፈትኑ

ንጽጽር፣ ዘይቤ፣ ፓንችላይን (መጨረሻ ላይ የሚመታ ስንኝ)፣ ባለ ሁለት ትርጉም ቃል፤ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ሰምና ወርቅን ሰምቶ ላደገ ጆሮ ይህ አዲስ አይደለም። ጥያቄው «ጨዋታ አለ ወይ?» አይደለም። ጥያቄው ሁለቱም ትርጉሞች በቦታው ይሠራሉ ወይ ነው።

ዋና አልችልም እንጂ እዚህ እኔ ነኝ ዋና

ፈገግ ያሰኛል። ግን ዋናተኛ አለመሆኑ ከምን ጋር ይያያዛል? ከምንም። ቃሉ ሁለት ትርጉም ስላለው ብቻ ነው የገባው። ሲሰሙት ብልጭ ይልና ያልቃል። አሁን ደግሞ፦

ከተማው ገበታ፣ ሁሉም ቢላ ይስላል
ዝም ብሎ የተቀመጠ እዚህ ይበላል

ላልቶ ሲነበብ ዝም ያለው ሰው ምግቡን ይበላል። ጠብቆ ሲነበብ ዝም ያለው ራሱ ይበላል። ገበታውና ቢላው ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማሉ። ደግሞም ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አንዱ «ዝም በል፣ ትጠግባለህ» ሲል ሌላው «ዝም ካልክ አለቀልህ» ይላል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ ወደ ትርጉሙ በር ይከፍታል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ወረቀት ላይ «ይበላል» ሁለቱንም ነው። አፍ ላይ ግን ራፐሩ ወይ ያጠብቀዋል ወይ ያላላዋል። ስለዚህ ተመልሳችሁ ስሙ። አንድ ጊዜ አላልቶ፣ ሲደግመው አጥብቆ ካለው ሆን ብሎ ሠርቶታል። አንዱን ብቻ ካለ ግን ሁለተኛውን ትርጉም ያገኛችሁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ የቴክኒኩ ክፍል ያበቃል። ከ10 ነጥብ ስጡና ወረቀቱን ገልብጡት።

ደረጃ 6፦ በተራ ቋንቋ ተናገሩት

አሁን ቢቱን ርሱት። ቨርሱን ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዱ አድርጋችሁ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ምን ተፈጠረ? ከመጀመሪያው ባር እስከ መጨረሻው ምን ተለወጠ?

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አትቸኩሉ። «እኔ» የሚለው ሁልጊዜ ራፐሩ አይደለም። ራፐሩ ናስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው «አይ ጌቭ ዩ ፓወር» ላይ ተናጋሪው ሽጉጥ ነው። ይህን ሳይረዳ የሚሰማ ሰው የሚመዝነው ሌላ ግጥም ነው። ተናጋሪው ክፉ ነገር ሲናገር ራፐሩ ክፉውን እየደገፈ ነው ወይስ እያሳየን ነው? መልሱን ከግጥሙ ውስጥ ፈልጉት።

ስትናገሩት «ጎበዝ ነኝ፣ ጠላቶቼ ይቀናሉ» ከሚል በቀር ምንም ካልቀረ ማስታወሻ ያዙ። ያ ማለት ግጥሙ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በትርጉም በኩል የሚመዘን ነገር ጥቂት ነው ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ጥልቀቱን ፈትኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከባድ ርዕስ ጥልቀት አይደለም። ስለ ድህነት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሞት መጻፍ ርዕስ መምረጥ ነው። ጥልቀት በዚያ ርዕስ ላይ የሚደረገው ነገር ነው። እነዚህን ሁለት አነጻጽሩ፦

ኑሮ ትግል ነው፣ ዓለም ጨለማ
የድሃ ለቅሶ መቼ ተሰማ

እና

አባቴ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል
እንዳንነቃ ነው፤ ባዶ እጁን ያውቃል

የመጀመሪያው እውነት ነው። ማንም አይቃወመውም። ለዚህም ነው የማይነካው። ማንም ሊለው ይችላል፣ የትኛውም ዘፈን ላይ ቢለጠፍ ይሄዳል። ሁለተኛው «ድህነት» አይልም፣ «ሃፍረት» አይልም፣ «ፍቅር» አይልም። ጫማ ነው የሚያሳየን። ግን ሦስቱም እዚያ ጫማ ውስጥ አሉ። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ አለ። ተናጋሪው ይህን ካየ አልተኛም ነበር ማለት ነው። አባት ልጆቹ እንዳይነቁ ይጠነቀቃል፤ ልጁ ደግሞ አባቱ እንዳያፍር የተኛ ይመስላል። ይህ የትኛውም ቃል ላይ አልተጻፈም። ከሁለቱ ስንኝ ግን ማንም ሊያወጣው ይችላል።

እኔ ጥልቀት የምለው ይህን ነው። ከተባለው በላይ ተሸክሞ፣ ግን ያልተባለው ነገር ከተባለው ሊወጣ ሲችል።

ከዚህ ምሳሌ ለማንኛውም ቨርስ የሚሆኑ ፈተናዎች ይወጣሉ። አንደኛው የማዛወር ፈተና ነው። ስንኙን አንስታችሁ ሌላ ዘፈን ላይ አስቀምጡት። ምንም ሳይጎድል ከተመቸው፣ መጀመሪያም ከቦታው ጋር አልተሳሰረም። ሁለተኛው የዝርዝር ፈተና ነው። ዓይን የሚያየው፣ እጅ የሚይዘው ነገር አለ? ጫማ፣ በር፣ ወረቀት፣ ሰዓት? ወይስ «ህይወት»፣ «ዓለም»፣ «እውነት» የሚሉ ትልልቅ ቃላት ብቻ ናቸው?

ሦስተኛውን ከሁሉም እወደዋለሁ። ተናጋሪው ራሱን ያስገባል ወይ? ስለ ክፉው ዓለም የሚናገር፣ እሱ ግን ከክፋቱ ነጻ የሆነ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ ሰባኪ ነው። «እኔም አይቼ አልፌያለሁ»፣ «እኔም ከእነሱ ጋር በልቻለሁ» የሚል ስንኝ ሲመጣ ግጥሙ ይከብዳል። ምክንያቱም ተናጋሪው የሚያጣው ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ1982 የግራንድማስተር ፍላሽ ኤንድ ዘ ፊዩሪየስ ፋይቭ «ዘ ሜሴጅ» ሲወጣ አብዛኛው ራፕ የጭፈራ ነበር። ያ ዘፈን የከተማን ኑሮ በሚታይና በሚሸት ዝርዝር አመጣው፤ የተሰበረ ብርጭቆ ሳይቀር። ቤት አመታቱ ዛሬ ካለው ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲቆዩ የተመረጡ ድምፆችን መዝገብ ሲያዘጋጅ ከሂፕሆፕ መጀመሪያ የገባው እሱ ነው።

ሌላ ወጥመድ ደግሞ አለ። ግራ የሚያጋባ ሁሉ ጥልቅ አይደለም። ብርቅ ቃላት፣ የተቆራረጠ ሐሳብ፣ ከየትም የመጣ የታሪክ ስም ተደርድሮ «አንተ አልገባህም» የሚባልበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ማስረጃ መጠየቅ ነው። «ይህ ስንኝ ይህን ማለት ነው» የሚል ሰው የትኛው ቃል እንደሚያሳይለት ያሳይ። ራፐሩ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለተናገረው ብቻ የሚገባ ትርጉም ግጥሙ ውስጥ የለም። ይህ ለእኛም ይሠራል፤ የምንወደው ራፐር ሲሆን ያላለውን እናስብለታለን።

አንዳንዴ ትርጉሙ ከአንድ ቨርስ ይሰፋል። የኬንድሪክ ላማር «ዳም» እ.ኤ.አ. በ2018 የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ወስዷል፤ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ የመጀመሪያው ነበር። የዚያ አልበም ዘፈኖች ከኋላ ወደ ፊት በተገለበጠ ቅደም ተከተልም ወጥተዋል። ታሪኩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ይቀያየራል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ አንድ ቨርስ ብቻ ቆርጦ «ጥልቀት የለውም» ማለት ስህተት ነው። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ቨርሱ የቆመው ብቻውን ነው ወይስ የትልቅ ነገር ክፍል ነው ብላችሁ አረጋግጡ።

ለትርጉሙም ከ10 ነጥብ ስጡ። ነጥቡ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ሁለቱን አገናኙ

ሁለቱን ነጥብ ደምራችሁ ለሁለት አታካፍሉ። ቴክኒኩ 9፣ ትርጉሙ 3 የሆነ ቨርስ አማካዩ 6 ነው። ሁለቱም 6 የሆኑለትም አማካዩ 6 ነው። ሁለቱ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አጠገብ ለአጠገብ ተዋቸው።

ከዚያ ቴክኒኩ ለትርጉሙ የሠራለትን ፈልጉ። እዚህ ላይ ነው የተገለበጠውን ወረቀት መልሳችሁ የምታዩት።

ወደ ደጅና እጅ እንመለስ። «ደጁ ላይ ቆሜ» እና «እጁ ላይ ህልሜ» በድምፅ አንድ ናቸው። በትርጉምም ግጥሙ የሚለው ይህንኑ ነው። የእኔ መቆም የሱ ደጅ ላይ ነው፣ የእኔ ህልም የሱ እጅ ላይ ነው። ሰውነቴም ህልሜም እሱ ዘንድ ናቸው። ቤቱ ባይመታ ሐሳቡ ይነገር ነበር፤ እንዲህ ግን አይጨብጥም። ቴክኒኩ ሐሳቡን ራሱን ሠራው።

አሁን ተቃራኒውን እዩ፦

ስሜን ስጠራ ተራራው ፈራ
የኮራው ሁሉ ቆመ በተራ

በሁለት ስንኝ ውስጥ አምስት ቃላት በ«ራ» ይጋጠማሉ። ጆሮ ይደሰታል። ከ10 ቴክኒክ 7 እሰጠዋለሁ። ግን ተራራው ለምን ተራራ ሆነ? «ራ» ስላለበት። ባህር ቢሆን ትርጉሙ አይለወጥም፤ የሚጠፋው ቤቱ ብቻ ነው። እዚህ ቃሉን የመረጠው ድምፁ ነው።

ይህን ለማወቅ የሚረዳ ፈተና መተካት ነው። ስንኙን ቤቱን ሳትነኩ ትርጉሙን ቀይሩት።

አባቴ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል
ኮከቡ በሰማይ ሌሊቱን ይደምቃል

ቤቱ እንዳለ ነው። እንዲያውም አንዳንድ ጆሮ ይህኛው ያምራል ሊል ይችላል። ግጥሙ ግን ሞተ። ሁለተኛው ስንኝ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ነው። በምትመዝኑት ቨርስ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ስንኞችን ቁጠሩ። ከ16 ባር አንድ ሁለት ቢኖሩ ማንንም አያስደነግጥም። ግማሹ ከሆነ ራፐሩ እየተናገረ ሳይሆን ቤት እየሞላ ነው።

መጀመሪያ የጻፋችኋትን ወረቀት እዚህ አውጡ። ሳታነቡ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የቀረው የትኛው ነበር? የቀረው ቦታ ቴክኒኩና ትርጉሙ የተገናኙበት ቦታ ከሆነ ጆሯችሁ ቀድሞ አውቆት ነበር። የቀረው የድምፅ ጨዋታ ብቻ ከሆነ፣ ከሳምንት በኋላ ሳትሰሙት ይታወሳችሁ እንደሆነ እዩ።

ደረጃ 9፦ ዓይነቱን አትርሱ

የፍልሚያ ራፕ ተቃዋሚን ለማሸነፍ ነው። እዚያ ፓንችላይንና ፍጥነት ቢበዛ ተገቢ ነው፤ ስለ ህይወት ፍልስፍና መጠበቅ አግባብ አይደለም። የጭፈራ ራፕ ሰው ማንቀሳቀስ አለበት። ታሪክ የሚነግር ራፕ ግን ቤት ለመምታት ብሎ ታሪኩን ከጣለ ዓላማውን ስቷል። ፍሪስታይል ከሆነ፣ እዚያው የተፈጠረ ስንኝ በጽሑፍ ከተዘጋጀ ጋር እኩል አይመዘንም። በሌላ ሰው የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የግጥሙ ነጥብ ለጸሐፊው ነው፣ የአቀራረቡ ለራፐሩ።

በማታውቁት ቋንቋ የተሠራ ራፕ ላይ ቤት አመታቱንና ፍሎውን መመዘን ትችላላችሁ። ትርጉሙን ግን በትርጉም ጽሑፍ ብቻ አትፍረዱ። የቃላት ጨዋታው እዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል፤ የቀረው ሐሳቡ ብቻ ነው። «ትርጉሙን አልመዘንኩም» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ደረጃ 10፦ ፍርዱን ጻፉ

ሦስት ነገር ይኑረው። የቴክኒክ ነጥብና አንድ ማስረጃ። የትርጉም ነጥብና አንድ ማስረጃ። ከዚያ አንዱ ለሌላው የሠራለት ነገር። «እሳት ነው» እና «ጀብ ነው» ለጓደኛ ይበቃሉ፤ ለክርክር ግን አይበቁም። ተከራካሪያችሁ ሊቃወማችሁ የሚችለው ማስረጃ ካቀረባችሁ ብቻ ነው፤ ክርክሩም የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

ለአባትና ለጫማው እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ቴክኒክ 6። ቤቱ አንድ ነው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ግን 'ያወልቃል' እና 'ያውቃል' ከቅጥያ ያለፈ ድምፅ ይጋራሉ። ትርጉም 9። ጫማው የድህነትን፣ የሃፍረትንና የፍቅርን ሥራ ብቻውን ይሠራል፤ ልጁ አለመተኛቱም ሳይነገር ይታወቃል። ግንኙነት፦ ማውለቁን ከማወቁ ጋር ያሰረው ቤቱ ነው። ጫማውን የሚያወልቀው ስለሚያውቅ ነው። ቤቱ ቢፈርስ ምክንያቱም ይላላል።»

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ቨርስ እንደገና ስሙና ነጥቡን ሳታዩ እንደገና ስጡ። ከተለያየ ሁለቱንም አስቀምጡ፤ በመሐሉ ምን እንደሰማችሁም ከጎኑ ጻፉ።